እሳቱ ከስልኩ አይደለም

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ካሉት ማደያዎች በአንዱ ሰልፉ ከግቢው ተርፎ አስፋልቱን ይዞ ታጥፏል። ሚኒባስ፣ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ መሐል ላይ አንድ አይሱዙ፣ ከጎን ደግሞ ሾልኮ ሊገባ የሚሞክር አንድ ሞተረኛ። ነዳጅ ቀጂዋ በአንድ እጇ መቅጃውን፣ በሌላው ክፍያ የምታረጋግጥበትን ስልክ ይዛለች። ከጀርባዋ ባለው ምሰሶ ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ የስልክ ሥዕል ተለጥፏል። ከሥዕሉ ሥር ሦስት ሹፌሮች አቀርቅረው በቴሌብር ይከፍላሉ።

«እህቴ፣ እዚህ ስልክ ክልክል ነው ይላል፤ ክፍያው ደግሞ በስልክ ነው ትሉናላችሁ። የቱን እንስማ?» አለ ተራው የደረሰው የሚኒባስ ሹፌር።

«ክፈልና ኪስህ ክተተው፣ ወንድሜ» አለችው፤ መቅጃውንም ሰልባትዮው ውስጥ ሰካችው። ሚኒባሱ ውስጥ ተሳፋሪዎቹ እንደተቀመጡ ናቸው። አንዱ ሰዓቱን ያያል፣ አንዷ ሕፃን ታጠባለች።

የነዳጅ ክፍያ በ2015 ዓ.ም. በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ከተደረገ ወዲህ ያ ሹፌር የጠየቀውን ያልጠየቀ አሽከርካሪ ጥቂት ነው። ብዙዎቻችን «ስልክ ማደያ ያቃጥላል» ሲባል ሰምተናል፤ እንዴት እንደሚያቃጥል ግን የነገረን የለም። በዚያው ልክ፣ ማደያ ላይ ስልካችንን የምንፈራውን ያህል፣ ገንዘብ ከፍለን ክሩስኮታችን ውስጥ ያስገባነውን ሽቦ አንፈራም። ይህን ዘገባ ለመጻፍ ከማደያ ወደ ኤሌክትሪሺያን ቤት፣ ከኤሌክትሪሺያን ቤት ወደ ማደያ ስመላለስ ደጋግሜ የገጠመኝ ነገር ይኼው ነው፤ የምንጠነቀቀው በአንድ በኩል ሆኖ አደጋው በሌላ በኩል ይገባል።

ከሰልባትዮው አፍ ላይ የሚርገበገበው

ፀሐይ ወጣ ስትል የሰልባትዮ ክዳን ሲከፈት ከአፉ በላይ ያለውን አየር አተኩራችሁ እዩት። ከጋለ ምጣድ በላይ እንዳለ አየር ይርገበገባል። ያ የሚርገበገበው የቤንዚኑ ትነት ነው፤ የሚነደውም እሱ ነው። ፈሳሹ ቤንዚን ራሱ አይነድም፤ የሚነደው ከላዩ ተንኖ ከአየር ጋር የተቀላቀለው ነው። መኪናችን ውስጥ 30 ሊትር ነዳጅ ሲገባ፣ ባዶ መስሎን የነበረው ሰልባትዮ ውስጥ የተጠራቀመ 30 ሊትር ያህል ትነት በዚያው አፍ ተገፍቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ቀጂዋ የቆመችው እዚያ መሐል ነው።

ቤንዚንና ናፍጣ የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ብርድ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ይሰጣል። ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ በቂ ትነት አያወጣም። የከባድ መኪና ሹፌሮች ናፍጣ ሲቀዱ ደፈር የሚሉት በዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ ልምዳቸው ግን ቤንዚን ወደሚጠጣው የቤት መኪናቸው ሲሻገር አደገኛ ነው።

የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይበተንም፤ ይወርዳል፤ በመኪናው ሥር ይተኛል፤ ወደ ቦይና ወደ ጉድጓድ ይፈስሳል። ሲጋራውን ለኩሶ «ራቅ ብያለሁ» የሚል ሰው ከነፋሱ በታች ቆሞ ከሆነ ርቀቱ ብዙም አይጠቅመውም። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ሙቀቱ እኩል ቢሆን ቤንዚን ከባሕር ወለል ይልቅ እዚህ ቀለል ብሎ ይተንናል። ቆላ ያለው ሙቀቱን ይፍራ፤ ደጋ ያለው ግን ብርዱን መተማመኛ ማድረግ የለበትም።

ስልክ ለምን ታማ?

በአሜሪካ የሚገኘው ፔትሮሊየም ኢኩዊፕመንት ኢንስቲትዩት የተባለ የማደያ መሣሪያዎች ተቋም በማደያ ላይ የተነሡ ከ150 በላይ የእሳት አደጋዎችን ሪፖርት ሰብስቦ መርምሯል። በስልክ ምክንያት ተነሣ ተብሎ የተረጋገጠ አንድም አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነው፤ ሰው ሰውነት ላይ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ። ከአደጋዎቹ ግማሽ በሚያህሉት፣ ሹፌሩ ነዳጁ እየተቀዳ ወደ መኪናው ተመልሶ ገብቶ ነበር። ከመቀመጫው ተነሥቶ ሲወጣ ልብሱ ከመቀመጫው ጨርቅ ጋር ይፋተጋል፤ ሰውነቱ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል፤ ከዚያ ቀጥታ እጁን ወደ መቅጃው ሲሰድ ብልጭ ይላል። ብልጭታው ያረፈበት ቦታ ደግሞ ትነቱ የሚወጣበት ነው።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር፣ ማታ ሹራብ ስናወልቅ ጠጠጠ የሚለውን ድምፅ የማያውቅ የለም። መብራት ከጠፋ ብልጭታውም ይታያል። የቤንዚን ትነት ለመቀጣጠል የሚፈልገው ጉልበት የአንድ ሚሊጁል ሩብ ገደማ ነው። ብረት ስንነካ ጣታችንን ነዘር የሚያደርገን ብልጭታ፣ ያውም ሊሰማን የቻለው ትንሹ፣ ከዚያ ይበልጣል።

እኛ ጋ የሚቀዳው ቀጂ ነው፤ ታዲያ ሹፌሩን ምን አገባው? ሰልፉ ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ ከቪትዙ ወረደ፤ ክዳኑን ከፈተ፤ የረሳውን ስልክ ለማምጣት ተመልሶ ገባ፤ የሰሌዳ ቁጥሩን ነገረ፤ ከፈለ። ከዚያ ገና መቅጃው ሳይነቀል «ልዝጋልሽ» ብሎ ክዳኑን ይዞ ወደ ሰልባትዮው ቀረበ። የለበሰው የናይለን ጃኬት ነው፤ የመኪናው መቀመጫ ደግሞ ፕላስቲክ የለበሰ። በአሜሪካኖቹ ሪፖርት ውስጥ ያለው እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ይኼው ነው፤ ልዩነቱ መቅጃውን የያዘው ሌላ ሰው መሆኑ ብቻ ነው።

> ስልኩን ኪስ መክተት ጥሩ ነው፤ ከሰልባትዮው በፊት የመኪናውን ብረት መንካት ግን ይበልጣል።

መድኃኒቱ ሳንቲም አያስወጣም። ከመኪና ስትወርዱ፣ ከሰልባትዮው ርቆ ያለ ቀለም ያልሸፈነው የመኪናው ብረት ካለ በባዶ እጃችሁ ንኩት። ያጠራቀማችሁት እዚያ ይራገፋል። ከዚያ በኋላ ቀድታችሁ እስክትጨርሱ ተመልሳችሁ አትግቡ።

ምልክቱስ ታዲያ ውሸት ነው? አይደለም። ስልክ የሚቀጣጠል ጋዝ ባለበት ቦታ እንዲሠራ ተፈትኖ የተመረተ ዕቃ ስላልሆነ አምራቾቹም ማደያዎቹም አርቀው አጥረውታል። ሌላም ምክንያት አለ፤ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ሰው የሚንጠባጠበውን ነዳጅ አያይም፤ የቀጂዋን ጩኸት አይሰማም። ስለዚህ ለዚያ ሹፌር ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ መቅጃው ከመሰካቱ በፊት፣ ከፓምፑ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለህ ክፈል። ማደያዎችም የክፍያውን ቦታ ከፓምፑ ራቅ ቢያደርጉት ምልክቱና ሕጉ በታረቁ ነበር።

ጀሪካን፣ ቦቴና «ትንሽ ጨምሪበት»

ነዳጅ በጀሪካን መቅዳት የተከለከለው ለጥቁር ገበያ በር እንዳይከፍት ነው፤ የደኅንነቱ ምክንያት ግን ከዚያ አያንስም። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ነዳጁ ሲንቧቧበት የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ መሄጃ ያጣል። ለጄኔሬተር ወይም ለውኃ መሳቢያ ፈቃድ ይዞ የሚቀዳ ሰው ጀሪካኑን ከመኪናው ጀርባ አውርዶ መሬት ላይ ያስቀምጠው፤ የመቅጃው ብረትም የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ይቆይ። ፒክአፕ ላይ፣ በተለይ ፕላስቲክ ወይም ምንጣፍ በተነጠፈበት ላይ እንዳለ መቅዳት ከሁሉም የከፋው ነው።

ቦቴ ነዳጅ ሲያራግፍ አይታችሁ ከሆነ፣ ሠራተኛው ቱቦውን ከማገናኘቱ በፊት በመቆንጠጫ የሚያስረው አንድ ገመድ አለ። ያ ገመድ በቦቴው አካል ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ነው። ከጅቡቲ ድረስ በደረቅ አየር ተጉዞ ለመጣ ቦቴ ያ ገመድ ከክላክሱም ከፍሬኑም እኩል ነው። ቦቴ እያራገፈ ያለበት ማደያ ከደረሳችሁ ሌላ ጊዜ ብትመጡ ይሻላል፤ ከመሬት በታች ያለው ታንክ ሲሞላ በውስጡ የነበረው ትነት ሁሉ ወደ ላይ ይወጣልና።

አሁን ወደ ሰልፉ እንመለስ። መቅጃው ቀጭ ብሎ ቆመ። «ጨምሪበት እስቲ፣ የኔ እመቤት፣ ትንሽ ይይዛል» ይላል ባለ መኪናው፤ ነገ ነዳጅ ላይኖር ይችላልና አይፈረድበትም። ቀጭታው ግን የዘፈቀደ አይደለም። መቅጃው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ነዳጁ ሲፈስ በእሷ በኩል አየር ይስባል። የነዳጁ ከፍታ ደርሶ ቀዳዳዋን ሲደፍናት የአየሩ ፍሰት ይቋረጥና ውስጥ ያለው ምላስ መቅጃውን ይዘጋዋል። ከዚያ በላይ የተረፈው ባዶ ቦታ ለነዳጁ መተንፈሻ የተተወ ነው። ከመሬት በታች ቀዝቅዞ የቆየ 40 ሊትር ቤንዚን ፀሐይ ላይ ቆሞ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ያብጣል። ቦታ ካጣ በክዳኑ ይወጣል፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ደግሞ ትነት የሚያጠምደውን የከሰል ዕቃ በፈሳሽ ያጥለቀልቀዋል። የዚያ ዕቃ ዋጋ ከጨመራችሁት ነዳጅ ጋር አይወዳደርም።

የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች ነገር ደግሞ አሳስቦኛል። አንድ ተንሸራታች በር፣ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሰዎች፣ ከሥራቸው ነዳጅ እየገባ። «ቢወርዱ ተራዬ ያልፋል፤ ረዳቱም ሒሳብ ይበላሽበታል» አለኝ አንድ ሹፌር፣ እውነቱን ነው። ግን ሁለት ደቂቃ ነው። ከመንገድ ዳር ወርዶ መጠበቅን ልማድ ያደረገ ተሳፋሪ ቢኖር ሹፌሩም ይለምደዋል።

እሳት ከተነሣ? ብዙ ሰው በደመ ነፍስ መቅጃውን ይነቅላል። ይህ ነው ትንሹን እሳት ትልቅ የሚያደርገው፤ የሚነቀለው መቅጃ የሚነድ ነዳጅ እየረጨ ይወጣልና። መቅጃውን እንዳለ ትታችሁ ሽሹ፤ መኪናው ውስጥ ሰው ካለ አስወጡ፤ ቀጂዋ ዋናውን ማጥፊያ እንድትጫን ጩኹ። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና አደጋ ጥሪ 939 ነው።

ሶማሌ ተራ የሚሸጠው ብርሃን

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ተፈርዶባቸዋል። አዲስ መግዛት ያልቻለ ያለውን ያስውባል። ለዓመታት በመለዋወጫ የታወቀው ሶማሌ ተራ አካባቢ በየሱቁ ደጃፍ የተሰቀለውን ማየት ነው፤ እንደ ታብሌት ሰፋ ያለ ስክሪን፣ ዳሽ ካም፣ የኋላ ካሜራ፣ አላርም፣ ጂ ፒ ኤስ፣ ዓይን የሚያጠፋ የኤል ኢ ዲ መብራት፣ የኋላ ሻንጣውን የሚሞላ ስፒከር። ሻጩ ዋጋ ይነግራችኋል፤ «ማን ይገጥመዋል?» ስትሉት «እዚሁ ልጅ አለ፣ ግማሽ ሰዓት ነው» ይላል።

በዚያው ሰሞን አንድ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ተቀምጬ ነበር። ሥራውን ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጆቹ «ጋሼ» ይሉታል። አንዲት ሴት ማታ መብራት ስታበራ የፕላስቲክ ሽታ የሚሸታትን መኪናዋን ይዛ መጣች። ጋሼ ካቻቢቴውን አንሥቶ ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን ፈታው፤ እጁን አስገብቶ እየዳሰሰ ቆየና አንድ የሽቦ ጥቅል ጎትቶ አወጣ። በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ፣ አንድ ቦታ ላይ ናስትሮው ቀልጦ ቡናማ የሆነ። ናስትሮውን ሲልጠው ከሥሩ ሁለት ሽቦዎች በጣት እንደተጠማዘዙ ወጡ። መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል፤ ዙሪያው የነበረው ፕላስቲክ ደርቆ በጥፍር ሲነካ ይፈረካከሳል።

«እዩት እስቲ፣ እትዬ» አላት። «ይኼን ያህል ነበር የቀረው» አለና ጣቱን ከአውራ ጣቱ ጋር አጠጋግቶ አሳያት።

የተገጠመላት ከፋብሪካው የበለጠ ኃይል ያለው የፊት መብራት ነው። ነገሩ በሒሳብ ቀላል ነው። 12 ቮልት ባለው መኪና፣ ከፋብሪካው የሚመጡ ሁለት 55 ዋት አምፖሎች በአንድ ላይ 9 አምፔር ገደማ ይስባሉ። በ100 ዋት ስትተካቸው ወደ 17 አምፔር ይጠጋል። ሽቦውና ማብሪያው ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው። በቂ ሽቦና ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ሳይጨመር ጭነቱ እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። የላላው ቅጥል ደግሞ የራሱን ሙቀት ያመጣል። አንድ የላላ ቅጥል የኦሃም አንድ አሥረኛ ብቻ ቢያግድ፣ 10 አምፔር ሲያልፍበት 10 ዋት ሙቀት ይወልዳል፤ ይህ የሁለት የኋላ ትንንሽ አምፖሎች ሙቀት ነው፣ በጣት ጫፍ በምታክል ቦታ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ ከምንጣፍና ከስፖንጅ ጎን።

ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ

«ፊውዝ አልነበረውም እንዴ?» አለችው። ነበረው። ጋሼ የፊውዝ ሳጥኑን ከፍቶ አሳያት፤ ቀይ ይሰካበት በነበረው ቦታ አረንጓዴ ተሰክቷል። የፊውዝ ቀለም ቋንቋ ነው፤ ቀይ 10 አምፔር፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ አረንጓዴ 30። ቀዩ ደጋግሞ ሲቃጠልበት የገጠመው ልጅ አረንጓዴ ሰክቶ «ተስተካከለ» ብሎ ሰዷታል። ከዚያም የባሰ አለ፤ ፊውዝ ሲቃጠል የመዳብ ክር ወይም የሲጋራ ፓኮ ብር ወረቀት የሚያስገቡ አሉ።

> ፊውዝ የሚጠብቀው ሬዲዮውን አይደለም፤ ሽቦውን ነው።

ይህቺን ነገር ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይረዳታል። ፊውዝ የሚመረጠው ሽቦው ሊሸከም በሚችለው ልክ ነው። ሽቦው 10 አምፔር ብቻ የሚችል ከሆነ 30 አምፔር ፊውዝ ማለት ሽቦው ራሱ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው፤ የሚቀልጠውም ክሩስኮታችሁ ውስጥ። ከባትሪ በቀጥታ በሚጎተት ገመድ ላይ ደግሞ ፊውዙ ያለበት ቦታ ሕይወት ነው። ከባትሪው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት መሆን አለበት። ገመዱ ሁለት ሜትር ተጉዞ ስፒከሩ ጋ ሲደርስ ፊውዝ ቢያገኝ፣ መሐል ላይ ያለው ሁለት ሜትር ጠባቂ የለውም። በር ቆንጥጦት ወይም ብረት በልቶት ከመኪናው አካል ጋር ቢነካካ ባትሪው ያለውን ሁሉ እዚያ ያፈሳል።

የዚህ ሙያ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ይናገራል። ናስትሮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ሰልባትዮ፣ ሁሉም ከጣልያንኛ ገብተው አማርኛ የሆኑ ናቸው፤ ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር፣ ከእጅ ወደ እጅ ወርደዋል። ሪሌይ፣ ዳሽ ካም፣ ጂ ፒ ኤስ ግን ትናንት የመጡ ናቸው፤ ዕቃዎቹ ከነስማቸው ሲመጡ የመግጠም ሥርዓታቸው አብሮ አልመጣም። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት በቻይንኛ ናት። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ የሚያሳያቸው ነው ያጡት።

ሽቦ ስትገዙ ጋሼ እንደሚያደርገው አድርጉ። ጫፉን ላጠና ክሩን በቢላ ፋቅ አደረገው። ከላይ ቀይ መዳብ፣ ከሥር ነጭ። «አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ» አለ። እንዲህ ያለው ሽቦ በዚያው ውፍረት ከመዳብ ያነሰ ይሸከማል፤ ቶሎም ይሰበራል። ባለ አንድ ወፍራም ክሩ የቤት ሽቦም ለመኪና አይሆንም፤ መኪና ቀኑን ሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ቤት አይንቀጠቀጥም። ለመኪና የሚሆነው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ነው።

ከኋላ መቀመጫ ሥር

የዚህ ዘገባ ሁለቱ ጫፎች፣ ነዳጁና ሽቦው፣ የሚገናኙት እዚህ ነው። ቪትዝን በመሰሉ ብዙ ትንንሽ መኪኖች ሰልባትዮው ያለው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። መቀመጫው ሲነሣ አንድ ክብ ክዳን ይታያል፤ ከሥሩ የነዳጅ ፓምፑ አለ። ስፒከር የሚገጥም ልጅ ገመዱን የሚስበው በዚያ ላይ ነው። የስፒከሩን ሣጥን ለማሰር ወለሉን የሚበሳ መሰርሰሪያ ሰልባትዮውን ወይም የፍሬኑን ቧንቧ ከላይ አያየውም። ወለል ከመበሳቱ በፊት አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ ማየት አለበት፤ ሌላ መንገድ የለም።

ከሁሉም ያሳሰበኝ ግን ሌባ ለመያዝ የሚገጠመው ጂ ፒ ኤስ ነው። «መኪናዬን ቢወስዳት ከስልኬ ላይ ሆኜ አጠፋታለሁ» ይላል ባለ መኪናው በኩራት። ይህን የሚያደርገው ከዕቃው ጋር የሚመጣ ትንሽ ሪሌይ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚገጠመው የነዳጅ ፓምፑን ሽቦ ቆርጦ መሐል በመግባት ነው። የፓምፑ ኤሌክትሪክ መኪናው በሄደ ቁጥር ሳያቋርጥ በዚያ ቅጥል ያልፋል። ቅጥሉ በጣት ከተጠማዘዘ ሁለት ነገር ይመጣል። ወይ ይሞቃል፣ ያውም ከሰልባትዮው ክዳን በላይ። ወይ ይላላና ፓምፑ ይቆማል፤ ቀለበት መንገድ ላይ፣ ከኋላችሁ የተጫነ መኪና እየመጣ፣ ሞተራችሁ ይጠፋል፤ መሪውም ይከብዳል።

ጋሼ ይህን ሥራ ሲሰጡት የነዳጁን ሽቦ አይነካም። የሚያቋርጠው የሞተሪኖውን መስመር ነው። ሞተሪኖው የሚሠራው ስታስነሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሪሌዩ ቢበላሽም የቆመች መኪና አለመነሣቷ ነው እንጂ የምትሄድ መኪና አትቆምም። ሌባውም ካጠፋት መልሶ አያስነሣትም። ጂ ፒ ኤስ ልታስገጥሙ ከሆነ ይህቺን አንዲት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ «የሚቆረጠው የቱ ሽቦ ነው?»

ሽቦዎቹ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ የማይነኩ አሉ። ቢጫ መያዣና ቢጫ መጠቅለያ ያላቸው የኤርባግ ናቸው፤ በቴስተር አምፖል መፈተሽ እንኳ ኤርባጉን ሊያፈነዳው ይችላል። ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ከፍተኛ ቮልት ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዟል፤ ሰው ይገድላል። አዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ዳሽ ካም ለመግጠም የሚፈለገው ከትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ይገኛል፤ ብርቱካናማው አጠገብ የሚያደርስ ጉዳይ የለም።

እኔ ራሴ የተማርኩት በባትሪ ነው። ዳሽ ካም አስገጥሜ፣ ገመዱ ተደብቆ ሲያምር አይቼ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ገጣሚው ያገናኘው ቁልፍ ቢወጣም ኤሌክትሪክ ከማይቋረጥበት መስመር ነበር። ቤተሰብ ጋ ለበዓል ሄጄ በአምስተኛው ቀን ስመለስ ሞተሪኖው ክልክ ብቻ አለ። ሒሳቡን በኋላ ሠራሁት፤ ሩብ አምፔር የምትስብ ካሜራ 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪን በአራት ቀን ገደማ ግማሽ ታደርሰዋለች፤ ያረጀ ባትሪ ደግሞ በግማሽ አያስነሣም። ጎረቤት ኬብል ሰጥቶኝ አስነሣሁ። ያ ገመድ ቀልጦ ቢሆን ኖሮ ግን እኔ አገር ቤት ሳለሁ፣ መኪናዋ የቆመችው ልጆች ከሚተኙበት ክፍል መስኮት ሥር ነበር።

ጋሼ የሴትየዋን መኪና ሲጨርስ መሽቷል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቶ ነበር የጀመረው፤ ሁል ጊዜ እሱ ነው በፊት የሚፈታው፣ በመጨረሻም የሚታሰረው፤ መፍቻው የመኪናውን አካል ቢነካ ብልጭታ እንዳያመጣ። የፋብሪካውን አምፖል መለሰላት፤ የተቃጠለውን ሽቦ ቆርጦ ጣለና በአዲስ ተካው፤ ቅጥሉን በፒንሳ በሚጨመቅ ማያያዣ አሰረው፤ አረንጓዴውን ፊውዝ ነቅሎ ቀዩን መለሰ። ከዚያ ክዳኑን ሳይገጥም ጠራት። «እትዬ፣ ኑ እዩት፤ ይኼ ነው ፊውዙ፣ ይኼ ነው ቅጥሉ» አላት። ጎንበስ ብላ በስልኳ መብራት አየችው፤ ፎቶም አነሣችው።

ነገ ዕቃ ስታስገጥሙ እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት «ፊውዙ የት ነው? አሳየኝ» በሉት።